ዝምተኛዋ አውሮፕላንና የባሌ ትከሻ

ባሌ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ሞተር ሲያክም የኖረ ሰው ነው። የውሃ ፓምፕ በሉት፣ የወፍጮ በሉት፣ የእንጨት መሰንጠቂያ በሉት፣ ውስጡ ነድዶ የመጣለትን ሁሉ ይከፍትና የከሰለውን መዳብ ነቅሎ፣ አዲስ ሽቦ ጠቅልሎ ነፍስ ይዘራበታል። ሰፈሩ «ሞተሩ» ብሎ ነው የሚጠራው። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት መጋረጃ ሰፍቼ፣ የግማሹን ሰፈር መስኮት አልብሼ፣ እስከ ዛሬ «የሞተሩ ሚስት» ከመባል አላመለጥኩም። ይሁን፣ አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜአለሁ።

ድሮ ሞተር ሲመጣለት ከመክፈቱ በፊት ያዳምጠው ነበር። የካቻቪቴውን ጫፍ የሚዞረው ሞተር ላይ ያስደግፋል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። «የኋላው ኩሽኔታ አልቋል» ይላል። ሞተሩ ይከፈታል፣ እውነትም ዘንጉ የሚዞርበት የኋላው ኩሽኔታ አልቆ ይገኛል። ሰው ይህን ለማየት ብቻ ሱቁ በር ላይ ይቆም ነበር። እሱም እንዳላየ ሆኖ ሲኮፈስ ማየት ነበር!

ያ ጆሮ ከዳው። በአንድ ቀን አይደለም፣ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ «የስፌት መኪናሽ ጭንቅላቴን በጠበጠኝ» ማለቱን ተወ። እኔ ሞኟ ጸባዩ የተሻሻለ መስሎኝ በልቤ አመሰገንኩት። ኋላ ሐኪም ቤት ስንሄድ ሐኪሟ ከጆሮ ጀርባ የምትንጠለጠል ማዳመጫ ሰጠችው። ቤት ውስጥ፣ ፊት ለፊት ከተነጋገርን፣ ትረዳዋለች። ሜዳ ላይ ግን የምታሰማው ነፋስ ብቻ ነው።

የችግሩ ሁሉ መጀመሪያ ያ ሜዳ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የሣር መሬት ነው፣ በየቅዳሜው ያረጁ ወንዶች እየተሰበሰቡ በሬዲዮ የሚመራ አውሮፕላን ያበሩበታል። አውሮፕላን ስላችሁ የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። የባሌ ቢጫዋ አውሮፕላን ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ሜትር ነበረች። በቤንዚን ነው የምትሠራው፣ ስትነሳ ጩኸቷ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ወንዶቹ ደግሞ ይህን ጩኸት እንደ ዘፈን ነው የሚሰሙት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቁለታል።

የማኅበራቸው ኃላፊ «ካንዴላ» ይባላል። ቤንዚን የምታቀጣጥለዋን የሞተር ካንዴላ እንደ እስክሪብቶ የሸሚዙ ኪስ ላይ ሰክቶ ስለሚዞር ነው ስሙ የወጣለት። ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ በደንብ ጉዳይ ግን ውሃ ቀጠነ ብሎ ይጣላል።

ባለፈው ዓመት ቢጫዋ ሰማይ ላይ ስትዞር ሞተሯ ጠፋ። ሞተሩ የጠፋበት አውሮፕላን ወዲያው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ወደ ሜዳው መንሸራተት አለበት፣ አለበለዚያ ፍጥነቱን ይጨርስና እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ሜዳው በሙሉ «ሞተር ጠፋ! ሞተር ጠፋ!» ብሎ ጮኸ። ባሌ አልሰማም። ሞተሩ እየሠራ መስሎት አፍንጫዋን ቀና አድርጎ ያዛት። ቢጫዋ አጥር ተሻግራ የሰው በቆሎ ውስጥ ተፈጠፈጠች። ሰው አልተጎዳም። ግን ካንዴላ በዚያው ቀን፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ከአምስት ኪሎ በላይ የሚመዝን አውሮፕላን አታበርም። የሞተር መጥፋት መለየት መቻልህን በፈተና ካላሳየኸኝ በቀር» አለው። አምስት ኪሎ ለእነዚያ ሰዎች ውርደት ነው። ለሾፌር ጋሪ እንደ መስጠት ነው።

ከዚያ ወዲያ ባሌ ዝም አለ። ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ላነሳሁት ነገር ሁሉ መልሱ «እሺ» ብቻ ሆነ። «ሻይ ላፍላልህ ወይስ ውሃ ይበቃሃል?» ስለው «እሺ»። «ሌላ ሚስት ልታመጣብኝ ነው እንዴ?» ብዬ ፈተንኩት፣ «እሺ»። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ አንጀቴን በላው። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰውዬ እኮ ወሬኛ ነበር፣ ስለ አንድ ቡሎን ከሰዓት በኋላ ሙሉ የሚያወራ! ቅዳሜ ሲመጣ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውል ጀመር። ያንን ሜዳ ካላስመለስኩለት ባሌን መልሼ እንደማላገኘው ያኔ ገባኝ።

መላው የመጣው ግን ከእሱ ነው። አንድ ገበሬ ማሳው ላይ መድኃኒት የሚረጭለት ትልቅ ድሮን ነበረው፣ የአንዱ ሞተር ሽቦ ነድዶበት «ይሄ አይድንም» ብሎ ሱቅ ጥሎለት ሄደ። ባሌ ያንን ሞተር ታቅፎ በምሳ ሰዓት ቤት ገባና ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠው።

«ችግሩ ጆሮዬ አይደለም» አለኝ።

መቀሴን አስቀመጥኩ። በሰባት ወር ውስጥ ከ«እሺ» የረዘመ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«ችግሩ ቤንዚን ነው። የቤንዚን ሞተር ጸባይ የለውም፣ ባሰኘው ሰዓት ይጠፋል፣ አንቺ ፈጥነሽ መስማት አለብሽ። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ባትሪው እስካለ ይዞራል። ባትሪው መቼ እንደሚያልቅ ለማወቅ ደግሞ ጆሮ ምን ያደርጋል? ሰዓት ይበቃል!»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። እንዲህ በማለቴ ቤቴን እንዳጣሁት ግን ልብ አላልኩም።

አዲሷን አውሮፕላን መሥራት አራት ወር ፈጀ። ሳሎናችን የአውሮፕላን ሆድ ሆነ። ክንፎቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው በበር አልገባ ስላሉ በመስኮት አስገባናቸው፣ እኔም የመስኮቱን መጋረጃ፣ የገዛ መጋረጃዬን፣ አወረድኩ። ሞተሩን ስንጠቀልል እሱ ሽቦውን ይዞ ያዞራል፣ እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ሽቦው የሚጠቀለልበት ሃያ አራት የብረት ጥርስ ነው ያለው፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ አሥራ አንድ ዙር። ዙሩን ያበዛው ሆን ብሎ ነው፣ ሞተሩ ሳይጣደፍ፣ ግን በጉልበት፣ ክንዴን የሚያህል የእንጨት ማራገቢያ አፍንጫዋ ላይ እንዲያዞር። አሥራ ሰባተኛው ጥርስ ላይ ደንበኛ መጥታ ስታናግረኝ ቁጥር ጠፋኝ። «አሥር ይሁን አሥራ አንድ?» ሲለኝ «ምን ለውጥ አለው?» አልኩ። ሰውዬው ያየኝን አስተያየት አልነግራችሁም። ፈትቶ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ክብደት ደግሞ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ባትሪዎቹ አራት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ጡብ ያክላሉ። ቤንዚን እየተቃጠለ ይቀላል፣ ባትሪ ግን ሲነሱም ሲያርፉም ያው ክብደት ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ሚዛን ላይ ወጣ። ቡሎን ተመዘነ፣ ሙጫ ተመዘነ፣ እኔ ራሴ ከሚዛኑ ለጥቂት ነው ያመለጥኩት። ለክንፉ ልባስ ከቤት ውስጥ ከሁሉ የቀለለው ጨርቅ አንዲት ደንበኛ ሐሳቧን ቀይራ የተወችው ስስ የመጋረጃ ገበር ሆኖ ተገኘ። ቀያይ ጥቃቅን አበቦች አሉበት።

«አበባ?» አለ ባሌ፣ ፊቱ ጨፍገግ ብሎ።

«ከነጩ ጨርቅ መቶ ሃያ ግራም ትቀልላለች» አልኩት።

«እሺ» አለ። ይህኛው «እሺ» ግን ከእነዚያ ጋር አይገናኝም፣ እየሳቀ ነበር ያለው። ቁራጮቹን ሰፍቼ በሙጫና በካውያ አለበስኳት። ስሟም በዚያው «መጋረጃዋ» ሆነ።

አሁን የምነግራችሁን ስሙኝ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል። ሞተሩን የሞከርነው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ጭራዋን ከስፌት መኪናዬ የብረት እግር ጋር በገመድ አሰረና መቆጣጠሪያውን ይዞ ጥግ ቆመ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ጨርቅ እቆርጣለሁ። ጠበቅኩ፣ ምንም ድምፅ የለም። የሞተር ድምፅ ማለት ለእኔ የቢጫዋ ጩኸት ነው። «አይሠራም እንዴ?» ብዬ ዘወር አልኩ። ሻሼ ከራሴ ተነስቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ! የወረቀት ልኬቶቼ፣ የሦስት ደንበኛ መጋረጃ፣ ክር፣ ደረሰኝ፣ ሁሉም እንደ ርግብ ብር ብሎ በመስኮት ወጣ። ግማሹን ጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው የለቀምኩት። ባሌ ሞተሩን አጥፍቶ መሬት ላይ ቁጭ አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ልቆጣ አፌን ከፍቼ አብሬው ሳቅኩ።

ሲበቃው፣ ሆዱን ይዞ፣ «ስሚ» አለኝ። «ቤንዚን ካልተሰማ ጠፍቷል። ይቺ ግን ዝም አለች ማለት ጠፋች ማለት አይደለም። በጆሮሽ አትመኚ፣ ማራገቢያውን እዪ። ሲዞር አይታይም፣ ሲቆም እንደ ዱላ ይታያል።»

ካንዴላ ዘንድ ብቻዬን ነው የሄድኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «ኤሌክትሪክ?» አለና ኪሱ ላይ ያለችውን ካንዴላ እንዳትሰማ የፈለገ ይመስል በእጁ ሸፈናት። «እትዬ፣ እሱ እኮ የልጆች ነው። እንደ ንብ ጢዝ ጢዝ የሚል ነገር።»

«ደንቡ ላይ ቤንዚን የሚል ተጽፏል?» አልኩት።

ደንቡን አወጣ። ሁለት ጊዜ አነበበው። አልተጻፈም። «ጆሮ የሚሆነው ሰው ግን ከጎኑ መቆም አለበት» አለ።

«ጆሮው እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ አንድ ፈተና። ሁለተኛ የለም። ይህን ከወደቀ ትልቅ አውሮፕላን እዚህ ሜዳ ላይ ዳግመኛ አያነሳም። እንዳይቀየመኝ ንገሪልኝ።»

ከባሌ ጋር ተስማማን። በበረራው ጊዜ እጄ ከትከሻው አይነሳም። አንዴ ቸብ ካደረግኩት ሰዓቱ አልቋል ማለት ነው፣ ሁለቴ ከሆነ ሜዳው ላይ ሰው ገብቷል፣ ሦስቴ ከሆነ ሞተር ጠፍቷልና ወዲያው አውርዳት። ባትሪው ሰባት ደቂቃ ይችላል፣ እኛ በስድስት እናወርዳታለን። የወጥ ቤቴን ሰዓት በክር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃዋን ሣሩ ላይ ስንገጣጥማት ወንዶቹ ከበው ቆሙ። «የሙሽራ አልጋ ናት እንዴ?» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሁሌም እዚያው የማይጠፋ ቀልደኛ ነው። «አንተን አትሸከምም» አልኩት። ካንዴላ የፈተና ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ አጣብቆ መጣ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የሞተር መጥፋትን በሦስት ሰከንድ ውስጥ ለየ / አልለየም»። ባሌም አነበበው። ትከሻው እጄ ስር ድንጋይ ሆነ።

ሰዓቱን ጠመዘዝኩት። መጋረጃዋ ሣሩ ላይ ተንከባለለች፣ ሹ የሚል ድምፅ ሰጠች፣ ከዚያ መሬቱን ተወችው። በቃ! ሃያ ሁለት ኪሎ ከነአበባዋ ሽቅብ ወጣች። የሰፋሁት ነገር ሲበር አይቼ አላውቅማ! መጋረጃ ሥራው መንጠልጠል ነው። በራሴ ላይ ስታልፍ የክንፏን ስፌት አየሁት፣ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ሞኝ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ወንዶቹ አንገታቸውን አጥፈው ጆሮአቸውን ወደ ላይ ቀስረዋል። የሚያዩ አይመስሉም፣ የሚሰሙ ናቸው። የሚሰማ ነገር ደግሞ ብዙም የለም።

አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። በሦስተኛው ባሌ ወደ ሜዳው ዳር ወሰዳትና ኃይሏን ቀንሶ በሰፊው ያዞራት ጀመር። ነፋሱ ከእኛ ወደ እሷ ነበር፣ ያቺኑ የቀረች ሹ ይዟት ሄደ። ሰማዩ ዝም ጭጭ አለ።

«ሞተር ጠፋ!» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

እንግዲህ ጉድ ፈላ። «ሞተር ጠፋ! አውርዳት! አውርዳት!» ሜዳው ተደበላለቀ። አንዱ እሳት ማጥፊያ ታቅፎ ወደ በቆሎው ሮጠ። ሌላው እግሬ አውጪኝ ብሎ መኪናው ስር ገባ። ካንዴላ ሰሌዳውን ወርውሮ ወደ እኔ መጣ። «ንገሪው እንጂ እትዬ! ምቺው! ልትወድቅ ነው!»

ባሌ ምንም አልሰማም። አፍንጫዋን ቀና አድርጎ እያዞራት ነበር። ልክ እንደ ቢጫዋ! ያኔም አፍንጫዋን ቀና አድርጎ ነበር የያዛት። ማራገቢያውን ለማየት ዓይኔን አጠበብኩ፣ ሩቅ ናት፣ ዱላም አይታየኝ ምንም አይታየኝ። ከጠፋና ዝም ካልኩ ሁለተኛዋን አውሮፕላን በገዛ እጄ ገደልኩበት። ካልጠፋና ሦስቴ ቸብ ካደረግኩት ደግሞ ዳር ላይ ሳለች ሞተሯን ይዘጋና ያው በቆሎ ውስጥ ትገባለች።

አንገቴ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። የሄደው ሁለት ደቂቃ ከሩብ ነው። ባትሪው ገና ግማሹ እንኳ አልተነካም። ሞተሩንስ? ሞተሩን እኔ አይደለሁ የቆጠርኩት? ሃያ አራት ጥርስ፣ አሥራ አንድ ዙር፣ እሱ ደግሞ ለአንዲት ዙር ብሎ ሥራውን በሙሉ ፈትቶ የጀመረ ሰው ነው። አሥራ አምስት ሰው በጆሮው ይጮኻል። እኔ ግን ሳሎኔ ውስጥ ሻሼን የወሰደችውን ዝምታ አስታወስኩ።

እጄን አላነሳሁም፣ ቸብም አላደረግኩም። ካንዴላ መቆጣጠሪያውን ሊነጥቅ ሲመጣ በክርኔ ሆዱን ገፋሁት። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ኋላ።

መጋረጃዋ ዞረች። ወደ እኛ ቀጥ ብላ መጣችና ባሌ ኃይል ሰጣት፣ አፍንጫዋ ላይ ምንም ዱላ የለም፣ ጥርት ያለ ብርሃን ብቻ! በካንዴላ ራስ ላይ ሹ ብላ ሽቅብ ወጣች። ሞተሩ የጠፋበት አውሮፕላን ሽቅብ አይወጣም። በቆሎው ዳር ያለው ሰውዬ በድንጋጤ እሳት ማጥፊያውን ራሱ ላይ ለቀቀውና ዱቄት የነፉበት መሰለ። ከመኪናው ስር ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ እኔ ደግሞ እጄን ከባሌ ትከሻ ሳላነሳ ሳቅኩ።

ስድስት ደቂቃ ሲሞላ አንዴ ቸብ አደረግኩት። እንደ ላባ አሳረፋት። መቆጣጠሪያውን አስቀምጦ ዘወር ሲል ሰዎቹ ተበታትነው፣ አንዱ ነጭ ሆኖ፣ አንዱ ከመኪና ስር እየወጣ አያቸው። «ምን ሆናችሁ?» አለ።

ካንዴላ ሰሌዳውን ከሣሩ አነሳና የመጨረሻውን መስመር እያየ ራሱን አከከ። «እዚህ ጋ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያልጠፋ ሞተር ጠፋ ብሎ የጮኸው ማነው?» አልኩት። «የእሱን ስም ጻፍ።»

ካንዴላ መሳቅ ሲጀምር ትከሻው ነው የሚርገፈገፈው። «ለየ» የሚለውን ከበበው፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን ለባሌ ሰጠው። ባሌ አነበበው፣ አጠፈው፣ ገልጦ እንደገና አነበበው። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ሣር ላይ ሊዘል የሚችለውን ዝላይ ዘለለ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሱ እየነዳ ለቅጽበት እንኳ አፉን አልገጠመም። ስለ ነፋሱ አወራ፣ ስለ ባትሪው ሙቀት አወራ፣ የሚቀጥለዋ ሁለት ሞተር ይኑራት አለ፣ ጨርቁስ ቢጫ አበባ አይገኝም ወይ አለ። አንድ ቃል ጣል ላድርግ ብል ቦታ አጣሁ። ሰባት ወር የጠበቅኩት ወሬ ነውና ራስ ምታቴን ችዬ ሰማሁት።

ቀይ መብራት ላይ ቆመን ድንገት ወደ እኔ ዞረ። «ያኔ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«መቼ?»

«ዳር ላይ ሳዞራት። እጅሽ ተንቀጠቀጠ፣ ትከሻዬ ላይ። ያለቀ ኩሽኔታ በካቻቪቴው እንደሚሰማኝ ነው የተሰማኝ። የሆነ ነገር እንደተበላሸ አወቅኩ።»

«ታዲያ ለምን አላወረድካትም?»

ገርሞት አየኝ። «ቸብ አላደረግሽኝማ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ያለ ማቋረጥ ይነፋ ጀመር። እሱ አልሰማም፣ እኔም ልነግረው አልቸኮልኩም።